ብዙ ሰው የማይደርስባቸውን ጥንታዊ ፍርስራሾችና ሐውልቶች በጉዞ ላይ እንዴት ማግኘትና መረዳት ይቻላል?

ጥያቄ፦ ከመንገደኛው

ሰላም ለሁላችሁ። በሥራ ምክንያት ወደ ልዩ ልዩ አገሮች የመጓዝ ዕድል አለኝ፤ ሥራው አልቆ ቀን ሲተርፈኝ የጥንት ሰዎች የሠሩትን ከማየት የሚበልጥብኝ ነገር የለም። ይሁን እንጂ አስጎብኚዎች የሚወስዱኝ ሁልጊዜ ወደታወቁት ጥቂት ስፍራዎች ሲሆን፣ ልቤ የሚያዘነብለው ግን ስማቸው እምብዛም ወደማይነሣው ነው። በኬንያ ጠረፍ ጫካ ውስጥ የምትገኘውን ጥንታዊቱን የጌዲ ከተማ ካየሁ ወዲህ ይህ ፍላጎት በርትቶብኛል። በዚያ ከኮራል ድንጋይ በተገነቡ መስጊዶችና ቤቶች መካከል ከእ.ኤ.አ. 1399 ጋር የሚገጥም ዓመት በሂጅራ (በእስልምና) አቆጣጠር የተጻፈበት አንድ መቃብር አለ። በዙሪያው ያሉት ግድግዳዎች ግን እንዲህ ያለ ጽሑፍ ስለሌላቸው፣ የትኛው ቀድሞ እንደተሠራና የትኛው በኋላ እንደተጨመረ ለማወቅ እየጓጓሁ ተመለስኩ።

እንግዲህ እንዲህ ያሉ ስፍራዎችን ከጉዞ በፊት ፈልጎ ማግኘት የሚቻለው እንዴት ነው? ገላጭ በሌለበት ስንደርስስ ምን ምኑን ብናስተውል ነው የምናየው ነገር የሚገባን? በመጨረሻም፣ በቂ ጥበቃ ወደሌለው ስፍራ መሄዳችንና ፎቶግራፉን ለሌሎች ማጋራታችን ለቅርሱ ይጠቅመዋል ወይስ ይጎዳዋል? ልምዱ ያላችሁ ብታካፍሉኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ከአሻራ

ፍለጋውን በተመለከተ፣ ብዙ ተጓዦች የማያውቁት ግን ለማንም ክፍት የሆነ አንድ ሰነድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1972 የጸደቀውን የዓለም ቅርስ ስምምነት የተቀበሉ አገሮች ወደፊት ሊያስመዘግቧቸው የሚያስቧቸውን ስፍራዎች አስቀድመው በጊዜያዊ ዝርዝር ውስጥ ያስገባሉ፤ ዝርዝሩም በየአገሩ ተለይቶ በዩኔስኮ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። ያዩዋት ጌዲ ራሷ እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት ከመመዝገቧ በፊት በዚሁ ዝርዝር ውስጥ ነበረች። ስለዚህ ወደ አንድ አገር ከመሄድዎ በፊት የተመዘገቡትን ትተው ተራቸውን የሚጠብቁትን ቢያነቡ፣ የጉብኝት መጻሕፍት የሚያልፏቸውን ብዙ ስፍራዎች ያገኛሉ።

ሁለተኛው መንገድ የታወቀውን ስፍራ እንደ መነሻ መውሰድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 የተመዘገበው የጢያ ትክል ድንጋይ ስፍራ 36 ሐውልቶች ያሉት ሲሆን፣ በሶዶ አካባቢ ከተገኙት 160 ያህል ስፍራዎች አንዱ ብቻ ነው። በጋምቢያና በሴኔጋልም እንዲሁ በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የድንጋይ ክበቦች አራት ስብስቦች ናቸው፤ በጋምቢያ ወንዝ ዳር 350 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝመው ቀጠና ግን ከ1,000 በላይ ተመሳሳይ ሐውልቶች ተበትነው ይገኛሉ። የተመዘገበውን በደንብ አይቶ ዐይኑን ያለማመደ ሰው፣ ምልክት ሰሌዳ የሌለውን ሲያገኝ ምን እንደሆነ ለማወቅ አይቸገርም።

ከሁሉ በፊት ግን ቤተ መዘክር ይግቡ። ከቁፋሮ የወጣው ዕቃ ብዙውን ጊዜ ከስፍራው ርቆ በመስታወት ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ ፍርስራሹን ብቻ ያየ ሰው ግማሹን ነው ያየው። ከጌዲ የቻይና ሸክላና የቬኒስ ዶቃ መውጣቱን አስቀድሞ ያወቀ ሰው በባዶዎቹ ክፍሎች ውስጥ ሲያልፍ የባሕር ማዶ ንግድ የሚያንቀሳቅሳትን ከተማ ያስባል።

ስሙ ያልተነገረለት ሁሉ ታናሽ ሥራ እንዳልሆነም ልጨምር። በቱርክና በአርሜኒያ ድንበር ላይ ያለችውን የአኒን ፍርስራሽ የሚጎበኘው ሰው ብዙ አይደለም፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1001 የተጠናቀቀውን ካቴድራሏን የነደፈው ትርዳት፣ በ989 በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የተጎዳውን የቁስጥንጥንያውን የሐጊያ ሶፊያ ጉልላት የጠገነው ያው ሰው ነው።

መልስ፦ ከኖራና ድንጋይ

ሙያዬ የቆዩ ሕንፃዎችን መጠገን ስለሆነ በሁለተኛው ጥያቄዎ ላይ ላተኩር። ግድግዳ ፊት ሲቆሙ በመጀመሪያ የድንጋዮቹን መጋጠሚያ ይመልከቱ። በአንድ ጊዜ በተገነባ ግድግዳ ላይ የላይኛው ድንጋይ የታችኞቹን ሁለት ድንጋዮች መጋጠሚያ እየሸፈነ፣ ረድፉ እየተጠላለፈ ይሄዳል። ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ የሚወርድ መስመር ካገኙ ግን ግራና ቀኙ በተለያየ ጊዜ የተሠራ ለመሆኑ ጠንካራ ምልክት ነው። ከሁለቱ ወገኖች በትልልቅ የማዕዘን ድንጋዮች ተስተካክሎ ያለቀው አስቀድሞ የቆመው ሲሆን፣ እርሱን ተደግፎ የመጣው በኋላ የተጨመረው ነው። በጌዲ የጠየቁት ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚመለሰው በዚህ መስመር ነው።

ቀጥሎ ቀዳዳዎቹን ይዩ። በአንድ ከፍታ ላይ በተቀራራቢ ርቀት የተደረደሩ ትንንሽ ቀዳዳዎች ግንበኞቹ የቆሙበት የእንጨት መወጣጫ የገባባቸው ሊሆኑ ይችላሉ፤ በውስጥ በኩል ያሉት ሰፋ ያሉት ደግሞ ዛሬ የጠፋውን ፎቅ የተሸከሙት አግዳሚዎች ያረፉባቸው ናቸው። በድንጋዮቹ መገናኛ አጠገብ ያለ ሥርዓት የተፈለፈሉትን ካዩ፣ ድንጋዩን ከድንጋይ ያያዘውን ብረት ለመውሰድ ሰዎች የቆፈሯቸው ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሮማ ኮሎሲየም ገጽታ እንዲያ የተበሳሳው በዚሁ ምክንያት ነው። ጽሑፉ የተዘቀዘቀ ወይም ቅርጹ ከመካከል የተቆረጠ ድንጋይ በግድግዳ ውስጥ ካጋጠመዎ ደግሞ ከሌላ ሕንፃ የመጣ ነውና፣ ግድግዳው ከጽሑፉ ዘመን በኋላ የተሠራ መሆኑን ይረዱበታል።

ጭቃና ኖራ የሌለውን ካብ አይናቁ። እ.ኤ.አ. በ2018 የተመዘገበው የኬንያው ቲምሊች ኦሂንጋ ያለ ምንም ማያያዣ የተካበ ነው፤ የውጭውና የውስጡ ገጽ በትልልቅ ድንጋይ ሲደረደር መካከሉ በትንንሽ ድንጋይ ተሞልቷል። ካቡ በፈረሰበት ቦታ ቆመው ቢመለከቱ ሦስቱን ክፍሎች በግልጽ ለይተው ያያሉ።

የጥገናን ዱካ ለመለየት እ.ኤ.አ. የ1964ቱን የቬኒስ ቻርተር ማወቅ ይጠቅማል፤ ሰነዱ ባለሙያ የሚጨምረው አዲስ ክፍል ከጥንቱ ተለይቶ እንዲታወቅ ያዝዛል። ስለዚህ በግድግዳ መካከል የቀለም ወይም የወለል ልዩነት ሲያዩ ጉድለት ነው ብለው አይቸኩሉ፤ ጠጋኙ ሆን ብሎ የተወልዎ ምልክት ሊሆን ይችላል። የደበዘዘ ቅርጽ ለማየት ደግሞ ፀሐይ ዝቅ ባለችበት በማለዳ ወይም በምሽት ይሂዱ፤ ብርሃኑ ከጎን ሲመታው እኩለ ቀን ላይ ለጥ ያለ የሚመስለው ድንጋይ ጽሑፉን ያወጣል። ይህንኑ በባትሪ መብራት ከጎን በማብራትም ማግኘት ይቻላል። በጠመኔ ማድመቅና በውሃ ማርጠብ ግን ድንጋዩን ስለሚጎዳ ፈጽሞ አይሞክሩት።

መልስ፦ ከአደራ

ሦስተኛው ጥያቄ ያሳስበኛል። ሰው በመብዛቱ ብቻ የሚጎዳ ቅርስ አለ፤ በፈረንሳይ የላስኮ ዋሻ ሥዕሎች የጎብኚዎች እስትንፋስና ሙቀት ስለጎዳቸው ዋሻው እ.ኤ.አ. በ1963 ለሕዝብ ተዘግቷል። ጠባቂ የሌለው ስፍራ አደጋ ደግሞ ከዚህ ይከፋል። እ.ኤ.አ. በ1834 ጁሴፔ ፌርሊኒ የተባለ ጣሊያናዊ በሱዳን የሜሮዌን ፒራሚዶች ወርቅ ፍለጋ አፍርሷል። በእኛው ዘመን እንኳ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ በካምቦዲያ ከባንቴአይ ችማር ቤተ መቅደስ የተቀረጸ ግድግዳ ተነቅሎ በጭነት መኪና ተወስዷል፤ ከፊሉም ታይላንድ ውስጥ ተይዞ ተመልሷል። የእጅ ስልክ ፎቶግራፍ የተነሣበትን ቦታ ከምስሉ ጋር ሊመዘግብ ስለሚችል፣ ከማጋራትዎ በፊት ያንን መረጃ ያጥፉ። እኔ በበኩሌ የእንዲህ ያሉ ስፍራዎችን ስም ጭምር ባናወጣ እመርጣለሁ።

መልስ፦ ከአሻራ

አደራ ያነሡት ሥጋት እውነት ነው፤ ስሙን እስከ መደበቅ በሚለው ግን አልስማማም። የባንቴአይ ችማር ግድግዳ የተዘረፈው ጎብኚ በዝቶበት አይደለም፤ ከዋናው መንገድ ርቆ ብዙ ጎብኚ የማይደርስበት ሳለ ነው እንጂ። ማንም የማያውቀው ሐውልት ድንጋዩ ለአጥር ሲወሰድ የሚጮህለት አያገኝም።

እኔ የምከተለው መለያ ይህ ነው። በአጥር የተከለለ፣ ጠባቂ ያለውና የመግቢያ ክፍያው ለጥበቃው የሚውል ከሆነ በስሙም በቦታውም እናገርለታለሁ። በሜዳ ላይ ያለ መቃብር፣ የዋሻ ሥዕል ወይም በቀላሉ የሚነሣ ቅርጽ ከሆነ ግን ስለ ታሪኩ እጽፋለሁ፣ አቅጣጫውን አልሰጥም፤ የተሰነጠቀ ወይም አዲስ የተቆፈረ ነገር ካየሁም ፎቶግራፉን ከነቦታው ለአገሩ የቅርስ ባለሥልጣን እልካለሁ። ስፍራው ዛሬም የሚጸለይበት ከሆነ ደግሞ ፎቶግራፍ ከማንሣትዎ በፊት በአካባቢው ያሉትን ሽማግሌዎች ያስፈቅዱ፤ በማንኛውም ሰሌዳ ላይ የማይገኘውን የስፍራውን ታሪክም ብዙውን ጊዜ የሚነግሩዎ እነርሱ ናቸው።