«ሽፍቶች» ይባሉ ወይስ ሠዓሊዎች? በፍሎሪዳ ጠረፍ ሥዕል ላይ የተነሣ ክርክር

አወያይ፦
የዛሬው ጥያቄ ከፍሎሪዳ ምሥራቃዊ ጠረፍ የመጣ ነው። ታሪኩን ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ፎርት ፒርስ በምትባል ከተማና በአካባቢዋ የሚኖሩ ጥቁር ወጣቶች ባሕሩን፣ ዘንባባውንና ረግረጉን በዘይት ቀለም ይሥሉ ነበር። የዘር መለያየት ዘመን ስለነበር ሥዕላቸውን የሚሰቅልላቸው ጋለሪ አልነበረም። ስለዚህ መኪና ላይ ጭነው፣ አውራ ጎዳናውን ተከትለው፣ በየሆቴሉ፣ በየባንኩና በየሐኪም ቤቱ እየዞሩ አንዱን በ25 ዶላር ገደማ ይሸጡ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ጂም ፊች የተባለ የሥነ ጥበብ ሰው «ሃይዌይመን» የሚል ስም አወጣላቸው፤ ወደ አማርኛ ስንመልሰው «የአውራ ጎዳና ሽፍቶች» እንደማለት ነው። በ2004 ሃያ ስድስቱ በፍሎሪዳ የአርቲስቶች የክብር መዝገብ ላይ ሰፈሩ፤ የሰፈሩትም በዚሁ ስም ነው። እንግዲህ በሕዝብ ገንዘብ በሚቆም ሙዚየምና መታሰቢያ ላይ ይህ ስም ይቀጥል ወይስ ይነሣ?

ሠዓሊው፣ ከአትላንታ፦
ስሙ ይቆየንና መጀመሪያ ሥዕል ነው ወይ? የቡድኑ ዋና ሞተር የነበረው አልፍሬድ ሄር እንዴት ይሠራ እንደነበር አንብቡ። ሰሌዳዎቹን ደርድሮ ይቸነክራል፤ የሰማዩን ቀለም ይዞ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደ ሁሉንም ሰማይ ይቀባል፤ ተመልሶ ሁሉንም ውኃ፤ ደግሞ ተመልሶ ሁሉንም ዛፍ። በቀን እስከ ሃያ ያወጣ ነበር ይባላል። ሸራ እንኳን አይደለም፤ ካርቶን ነው። እኔ አንድ ሥዕል ላይ አራት ወር የምቆይ ሰው ነኝ። እንጀራ ጋጋሪም በአንድ ጠዋት ሃያና ሠላሳ ታወጣለች፤ ሙዚየም ግን አልተሠራላትም።

የድሬዋ ልጅ፣ ከፎርት ላውደርዴል፦
ወንድሜ፣ እንጀራ ጋጋሪዋን ምን አደረገችህ? ሃያ እንጀራ ጋግራ ሃያውም ዓይን ካወጣ ሙያ ማለት እኮ እርሱ ነው። ካልሆነ አንተ አራት ወር የቆየህበት እንጀራ ስንት ዓይን አለው?

ሹፌሩ፣ ከኦርላንዶ፦
እኔ ስለ ሥነ ጥበብ የምናገር ሰው አይደለሁም፤ ግን ከነዚህ ሥዕሎች አንዱ ቤቴ አለ። ከስምንት ዓመት በፊት አንድ ሰው ቤት ሲለቅ ዕቃውን በደጁ ዘርግቶ ሲሸጥ በ40 ዶላር ገዛሁት። ያኔ ምን እንደሆነ አላወቅሁም፤ ሰማዩ ደስ ብሎኝ ነው። ወንድማችን «ካርቶን» ያለው እውነት ነው። ጀርባው የተጨመቀ የወረቀት ሰሌዳ ነው፤ ለቤት ግድግዳ የሚሆን የግንባታ ዕቃ፣ አፕሰን ቦርድ የሚሉት። ክፈፉም ከክፈፍ ሠሪ የመጣ አይደለም፤ ጣሪያና ግድግዳ የሚገናኙበት ላይ የሚመታው የእንጨት ጌጥ ነው። ነጭ ተቀብቶ በላዩ ወርቅማ ቀለም ተጠርጎበታል፤ አንዱ ማዕዘን በደንብ አልገጠመም፤ ጥፍሬ ይገባበታል። በስተቀኝ ታች፣ ውኃው ላይ፣ ቀለሙ በአውራ ጣት ስፋት ተጎትቶ እንደገና ተነክቷል። ይኼ ምን ይሆን ስል ቆይቼ ኋላ ነው የገባኝ፤ ሥዕሎቹ ሳይደርቁ ነበር የሚጫኑት። አል ብላክ የሚባለው የዚያ ቡድን ሰው መጀመሪያ ሻጭ እንጂ ሠዓሊ አልነበረም። መንገድ ላይ የተበላሸውን እርጥብ ቀለም ገዢ ሳያይ እያስተካከለ ነው ሥዕል የተማረው። ኋላ እስር ቤት ገብቶ እንኳን የእስር ቤቱን ግድግዳ በፍሎሪዳ ዘንባባ ሞልቶታል።

ስሙን በተመለከተ፣ እኔ ይቆይ ባይ ነኝ። ሽፍታ ለኛ ስድብ አይደለም። ካሣ ኃይሉም ቋራ ላይ ሸፍቶ ነው ዐፄ ቴዎድሮስ የሆነው። በር ሲዘጋበት ዱር ቤቴ ያለ ሰው ሽፍታ ቢባል ምን ነውር አለው?

መምህር፣ ከአዲስ አበባ፦
ጋለሪ ሲዘጋባቸው ጎዳና ቤቴ አሉ ለማለት ነው፤ አባባልህ ያምራል ልጄ። ነገር ግን ያማረው በትርጉም ስሕተት ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ሽፍታ ማለት አይደለም። መንገድ ዳር አድፍጦ መንገደኛውን ገንዘብህን ወይም ነፍስህን የሚል ቀማኛ ማለት ነው። በኛ ቋንቋ ሽፍታ በደል አለበት፣ ዘመድ አለው፣ አገር ያውቀዋል፤ ሊታረቅም ይችላል። ቀማኛ ይህ ሁሉ የለውም። አወያያችን «ሽፍቶች» ብሎ ሲመልሰው ሳያውቅ ክብር ጨመረላቸው። እስቲ «የአውራ ጎዳና ቀማኞች ሙዚየም» ብላችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ጥቁር ወጣት በነጮች ሰፈር በር ማንኳኳቱ ብቻ ለፖሊስ በሚያስጠራበት ዘመን የሠሩ ሰዎች ናቸው። ለእነርሱ የወንጀለኛ ስም ሲሰጣቸው ቀልዱ የማን ነው?

ለሠዓሊው ወንድማችን ደግሞ አንድ ታሪክ ላስታውስ። የዚያ ጠረፍ ሥዕል መቼም ቢሆን ከገበያ ተለይቶ አያውቅም። ማርቲን ጆንሰን ሄድ ዛሬ በታላላቅ ሙዚየሞች ያለ ሠዓሊ ነው። በ1883 የፍሎሪዳ ከተማ ወደሆነችው ሴንት ኦገስቲን ገባ። የነዳጅና የባቡር ባለሀብቱ ሄንሪ ፍላግለር በ1888 ፖንሴ ዴ ሊዮን ሆቴልን ሲከፍት ከሆቴሉ ጀርባ ለሠዓሊዎች የሥራ ክፍል አዘጋጀ፤ አንዱን የያዘው ሄድ ነው። ለምን ይመስላችኋል? ብርድ ሸሽቶ ከሰሜን የሚመጣው ሀብታም የፍሎሪዳን ረግረግና አበባ ገዝቶ እንዲመለስ ነዋ። ሄድ የማግኖሊያ አበባን በቀይ፣ በሰማያዊ፣ በወርቃማ ከፈይ ጨርቅ ላይ እያጋደመ ደጋግሞ ሥሏል። አንደኛው ኢንዲያና ውስጥ በአንድ ቤት የግድግዳ ቀዳዳ መሸፈኛ ሆኖ ኖሮ በ1999 የሂዩስተን ሙዚየም በ1.25 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። እንግዲህ ሄድ ለሆቴል እንግዳ ሲሸጥ ሥነ ጥበብ፣ ሄር ለሆቴል ባለቤት ሲሸጥ ካርቶን የሚሆነው በምን ሕግ ነው? የልዩነቱ ምክንያት ሄድ በሆቴሉ ጓሮ ክፍል ሲሰጠው ሄር በሆቴሉ በር ቆሞ መለመኑ ብቻ ነው።

በእኛም አገር ቢሆን በላቸው ይመርና መሰሎቻቸው ለውጭ አገር ሰው ሥዕል ይሸጡ ነበር። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በትንንሽ ክፍል ከፋፍሎ ደጋግሞ መሣል የገበያ ሥራ ነበር፤ ዛሬ በአውሮፓ ሙዚየሞች ተሰቅሎ እናየዋለን።

ሠዓሊው፣ ከአትላንታ፦
ጋሽ መምህር፣ የሄዱን ተቀብያለሁ። ሄድ ግን አበባዋን ሃያ ጊዜ ቢሥላት ሃያ ጊዜ አይቷታል። ሄር ያየው ሰዓቱን ነው።

ተማሪዋ፣ ከዋሽንግተን፦
የሥነ ጥበብ ታሪክ እማራለሁ፤ እስካሁን ማንም ያላነሣውን ላንሣ። በነዚህ ሥዕሎች ውስጥ ሰው የት አለ? ፎርት ፒርስ የብርቱካን አገር ናት። ከነዚህ ሠዓሊዎች ብዙዎቹ ሥዕል ባይኖር ዕጣቸው ብርቱካን መልቀምና ማሸጊያ ቤት መቆም ነበር። ሥዕሉ ላይ ግን ለቃሚ የለም፣ ማሸጊያ ቤት የለም። አልፎ አልፎ ከሩቅ አንድ ዓሣ አጥማጅ ይታያል፤ ከዚያ ውጭ ባዶ ባሕር፣ ባዶ ረግረግ፣ ጀምበር። ያ መሬት ለገዢው ነጭ ሰው እንዲመች ከሰው ተጠርጓል። እኔን የሚያሳስበኝ ከስሙ ይልቅ ይህ ነው።

ሌላም አለ። ሁልጊዜ «ባከስ አስተማራቸው» ይባላል። ኤ. ኢ. ባከስ የፎርት ፒርስ ነጭ የመልክዓ ምድር ሠዓሊ ነው፤ በዚያ ዘመን ለጥቁሮች ቤቱን ክፍት ማድረጉ እውነት ነው፣ ያስመሰግነዋልም። ከቡድኑ ሠዓሊዎች አንዱን፣ ሃሮልድ ኒውተንን፣ ከሃይማኖታዊ ሥዕል ወደ መልክዓ ምድር የመራውም እርሱ ነው። ነገር ግን ሄርን ወደ ባከስ የወሰደችው የሊንከን ፓርክ አካዳሚ የሥዕል መምህርቷ ዘኖቢያ ጄፈርሰን ናት። ጥቁር መምህርት፣ በጥቁሮች ትምህርት ቤት። ስሟን ከእናንተ መካከል ስንቱ ሰምቶታል?

የድሬዋ ልጅ፣ ከፎርት ላውደርዴል፦
እኔ አልሰማሁም፤ አመሰግናለሁ እህቴ። ስለ ባዶው መሬት ግን አልስማማም። ቀኑን ሙሉ ብርቱካን ስትለቅም የዋለች ሴት ማታ ብርቱካን ለቃሚ መሣል ያለባት ለምንድን ነው? ሜሪ አን ካሮልን ተመልከቱ። ከሃያ ስድስቱ ብቸኛዋ ሴት ናት። በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች ሃሮልድ ኒውተን መኪናው ላይ የእሳት ነበልባል ሥሎ አየችው፤ ነገሩ ከዚያ ጀመረ። ሰባት ልጅ አሳድጋለች፤ በሥዕልም፣ ባገኘችው ሥራም። በዚያ ዘመን አንዲት ጥቁር ሴት ብቻዋን መኪና እየነዳች፣ በማታውቀው ከተማ፣ የማታውቀውን ቢሮ በር ታንኳኳ ነበር። በ2011 ለሚሼል ኦባማ ሥዕል አበርክታለች፤ በ2019 አረፈች።

የእንግሊዝኛው ስም ደግሞ «ወንዶች» ይላል። ቃሉ ውስጥ ወንድ አለ። ሜሪ አን የክብር መዝገብ ላይ የሰፈረችው በወንዶች ስም ነው። እኛ «ሽፍቶች» ስንል ቢያንስ ሴቷም ትገባበታለች፤ ይህን እንኳ አማርኛችን አሻሽሎላቸዋል! ግን መታሰቢያው የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ የኔ ድምፅ «ይነሣ» ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከጉዳዩ ብወጣም ታገሡኝ። ከሥዕሎቻቸው ሁሉ የታወቀው ቀይ አበባ ያለው ትልቅ ዛፍ ነው። መጀመሪያ ሳየው አንድ ሱቅ ውስጥ ቀጥ ብዬ ቀረሁ። እኛው ነን የድሬዳዋ ዛፍ የምንለው! በግንቦት ከዚራ ስትሄዱ መንገዱን ቀይ የሚያለብሰው። ሰው የለበትም አላችሁ እንጂ እኔ እናቴን ከዛፉ ሥር አየኋት።

ሹፌሩ፣ ከኦርላንዶ፦
እትዬ፣ እንባዬን አመጣሽው። መምህር፣ እርስዎም ረትተውኛል፤ ቀማኛ ካሉትማ እኔም ይቅር። ግን አንድ ነገር ይከብደኛል። ሄር በሠላሳ አምስት ዓመቴ ሚሊየነር እሆናለሁ ይል ነበር፤ በ1970 በፎርት ፒርስ አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ በጥይት ተመትቶ በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ሞተ። ከዚያ በኋላ ነገሩ እየተቀዛቀዘ ሄደ፤ ሥዕሎቹም በየሳሎኑና በየጓሮው ተረሱ። እስከ 200,000 ይደርሳሉ የሚባሉት ሥዕሎች ዛሬ በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚያወጡት ያ ስም ከወጣ በኋላ ነው። ስሙን ስናነሣ ዋጋው ቢወርድ፣ በሕይወት ያሉትን አንጎዳም?

መምህር፣ ከአዲስ አበባ፦
ጥያቄህ የነጋዴ ነው፤ ጥሩ ጥያቄ ግን ነው። ልብ በል፣ ዋጋው ሲወጣ ተጠቃሚው በ25 ዶላር ገዝቶ ያቆየው ሰው ነው። በ40 ዶላር የገዛኸው አንተም አለህበት። ሄር ከዚያ ምን አገኘ? በሕይወት ያሉት አዲስ ሥዕል ሲሸጡ ይጠቀማሉ፤ ይህን አልክድም። ከእነርሱ መካከል ስሙን የጠሉት አሉ፤ ተላምደው መኪናቸው ላይ የጻፉትም አይጠፉም። እነርሱ በሠሩበት ዘመን ግን ቡድን አልነበሩም፤ ማኅበር የላቸውም፣ መግለጫ የላቸውም። የስሙ ችግር ሌላም ነው፤ አጥር ሆኗል። «ሃያ ስድስት» ተብሎ ተቆልፏል። ሃያ ሰባተኛው ማን ነበር? ዝርዝሩ የተያዘው ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ ነው።

ተማሪዋ፣ ከዋሽንግተን፦
ታዲያ ሐሳቤ ይኸው፦ ሙዚየሙ በከተማዋ ይጠራ፤ «የፎርት ፒርስ ሠዓሊዎች»። የወጣላቸው ስምና ማን እንዳወጣው ውስጥ ግድግዳ ላይ ይጻፍ።

ሠዓሊው፣ ከአትላንታ፦
በዚህ እስማማለሁ፤ በስሙ ብቻ። በቀን ሃያው ላይ አቋሜ አልተለወጠም። ነገር ግን ወንድማችን ሹፌሩ የላከልኝን ፎቶ ሌሊቱን አጉልቼ ሳየው ነበር። ማዕበሉ የሚሰበርበት ቦታ ላይ ነጩን ቀለም በቢላ አንድ ጊዜ ጎትቶ ትቶታል። አላረመውም፣ አልደገመውም። ከሥሩ ያለው አረንጓዴ ገና እርጥብ ስለነበር ራሱ ገብቶበት ውኃውን ብርሃን አሳልፎ አሳይቶታል። እኔ ያንን በአራት ወር አላወጣውም። ሹፌሩ፣ በ40 ዶላር የገዛኸውን በ400 ትሸጥልኛለህ?

ሹፌሩ፣ ከኦርላንዶ፦
ካርቶን ምን ያደርግልሃል ወንድሜ? አይሸጥም።