ለትምህርት ቤት ማራገቢያ የሌለው ትንሽ ኮምፒውተር ይገዛ ወይስ አይገዛ?

የክርክሩ መነሻ፦ አዲስ አበባ የሚገኝ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያረጁ ኮምፒውተሮቹን ሊቀይር ነው። በትልልቆቹ ሳጥኖች ይተኩ ወይስ ማራገቢያ በሌላቸው ትንንሾች?

የአይሲቲ መምህር፦ እኔ ትንሹን እደግፋለሁ። የክፍላችን ጠላት አቧራ ነው። ማራገቢያ አየር ሲስብ አቧራውንም ይስባል፤ ውስጡ ሲደፈን ማሽኑ ይግላል፣ ይጮኻል፣ መጨረሻው መቆም ነው። ማራገቢያ የሌለው ግን ሙቀቱን በብረት አካሉ ያስወጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ኢንቴል ኤን100 ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል) 6 ዋት ነው። መብራት ሲጠፋ አንዱ ዩፒኤስ (ባትሪ ያለው የኃይል መጠባበቂያ) ስንቱን ይዞ ይቆያል!

የጥገና ባለሙያ፦ መምህር፣ በአቧራው እስማማለሁ። 6 ዋት ግን የፕሮሰሰሩ ብቻ ነው፤ ሙሉ ማሽኑ ሥራ ሲበዛበት ከዚያ በላይ ይወስዳል። ከዚህም የሚከፋው የመሰኪያው ጉዳይ ነው። ፕሮጀክተራችሁና ስክሪኖቻችሁ ቪጂኤ (የቆየው አናሎግ የምስል መሰኪያ) ብቻ ከሆኑ፣ ኤችዲኤምአይ (ዲጂታሉ የምስል መሰኪያ) ብቻ ያለውን ማሽን በተራ ገመድ አታገናኙትም፤ ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚለውጥ መቀየሪያ ለእያንዳንዱ መግዛት አለባችሁ። ራስፕቤሪ ፓይ 4 የተባለውን ባለ አንድ ቦርድ ትንሽ ኮምፒውተር የሚያነሱም አሉ፤ የእሱ ደግሞ ማይክሮ ኤችዲኤምአይ ነው፣ ሌላ ገመድ ይፈልጋል። ዩኤስቢ ታይፕ-ሲ የሚባለው መሰኪያም ቅርጹ አንድ ሆኖ አንዱ ምስል ያወጣል፣ ሌላው ፋይል ብቻ ያስተላልፋል፣ ሌላው ኃይል መቀበያ ብቻ ነው። ዝርዝሩን ሳያነቡ መፈረም የሕዝብ ገንዘብ መበተን ነው።

የኮሚቴ አባል የሆነች እናት፦ እኔ የምፈራው ጥገናውን ነው። የትልቁ ሳጥን ፓወር ሰፕላይ (ኃይል ሰጪው ክፍል) ሲቃጠል እሱ ብቻ ይለወጣል። ከትንንሾቹ መካከል ግን ራሙ (ጊዜያዊ ማስታወሻው) ከዋናው ቦርድ ጋር የተበየደ አለ፤ ያ ሲበላሽ ማሽኑ ተጣለ ማለት ነው። በዚያ ላይ ቦርሳ ውስጥ ገብቶ ይወጣል።

የአይሲቲ መምህር፦ ለስርቆቱ መላ አለው እህቴ፤ ከስክሪኑ ጀርባ በብሎን ይታሰራል።

ከሰመራ የመጣ መምህር፦ አዲስ አበባ ስለሆናችሁ ነው እንዲህ የምትከራከሩት። እኛ ዘንድ የክፍሉ አየር ራሱ ግለት ነው፤ ሙቀቱ ወዴት ይሄዳል? ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ተማሪው ማሽኑ የተበላሸ ይመስለዋል።

የጥገና ባለሙያ፦ እውነት ነው። አዲስ አበባም ቢሆን ቅዝቃዜው ቢረዳም ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያንሳል። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ብቻ ይገዛና መስኮቱ ተዘግቶ ቀኑን ሙሉ ይሠራበት። በጨረታ ሰነዱ ላይ ደግሞ ሙሉ መጠን ያለው ኤችዲኤምአይ፣ የኔትወርክ ገመድ መሰኪያና ቢያንስ አራት ዩኤስቢ ይጻፍ፤ ኪቦርድና ማውዝ ሁለቱን ይይዛሉ፣ ለፍላሽና ለማተሚያ የሚተርፍ ያስፈልጋል። ቪጂኤ ከሌለው መቀየሪያው በዋጋው ውስጥ ይካተት።

የኮሚቴ አባል የሆነች እናት፦ ራሙ የሚነቀልና የሚለወጥ ይሁን የሚለውም ይጨመር። ያለዚያ ድምፄን አልሰጥም።