ለሃርድዌር ምዝገባ፦ ዊሚክ ይቆይ ወይስ ፓወርሼል?

ጥያቄው፦ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮችን ሲሪያል ቁጥርና ራም የሚመዘግቡ ባች ፋይሎች (ትእዛዞችን በተራ የሚያስፈጽሙ ፋይሎች) በዊሚክ (የማሽኑን መረጃ በሚያወጣው አሮጌው የዊንዶውስ ትእዛዝ) ይቀጥሉ ወይስ ወደ ፓወርሼል (አዲሱ የዊንዶውስ የትእዛዝ መሣሪያ) ይዙሩ? ጥቁር መስኮት፣ ቆጣሪውና ዜሮ አንድ የተከራካሪዎቹ መጠሪያ ናቸው።

ጥቁር መስኮት፦ ይቆይ። «ዊሚክ ባዮስ ጌት ሲሪያልነምበር» ብለህ ትጽፋለህ፣ ሲሪያል ቁጥሩ ይመጣል፣ አለቀ። ዊንዶውስ 7ም 10ም ላይ ይሠራል። በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ፓወርሼል እስኪነሳ ቡና ይፈላል።

ቆጣሪው፦ እስከ መቼ? ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ 10 21ኤች1 ስሪት ጀምሮ ጊዜው አልፎበታል ብሎታል። ዊንዶውስ 11 24ኤች2 አዲስ ሲጫንማ አብሮ አይመጣም። የዚያን ጊዜ ስክሪፕትህ አይቆምም፤ ባዶ መስመር መዝግቦ ያልፋል። ችግሩ እሱ ነው።

ጥቁር መስኮት፦ እንደ ተጨማሪ ክፍል መጫን ይቻላል እኮ።

ቆጣሪው፦ በየማሽኑ? ለአንድ ሲሪያል ቁጥር?

ዜሮ አንድ፦ ጥቁር መስኮት፣ ያንን መስመር በ«ፎር ስላሽ ኤፍ» (የሌላ ትእዛዝን ውጤት ለባቹ በሚያቀብለው ትእዛዝ) ይዘኸው ታውቃለህ? ከቁጥሩ ጫፍ የማይታይ ካሬጅ ሪተርን (የመስመር መመለሻ ምልክት) ይንጠለጠላል። ስታሳየው ምንም የለም፤ የፋይል ስም ስታደርገው ይበላሻል። በሁለተኛ «ፎር ስላሽ ኤፍ» ካላሳለፍከው ምልክቱ አይወገድም። ራሙ ደግሞ በባይት ነው የሚመጣው። 8 ጊጋ ማለት 8589934592 ነው፤ «ሴት ስላሽ ኤ» (የባች የሒሳብ ትእዛዝ) ግን ከ2147483647 በላይ አይቀበልም። ፓወርሼል እዚያው ለ1 ጊጋባይት አካፍሎ 8 ብሎ ይሰጥሃል።

ጥቁር መስኮት፦ ይሁን። ዊንዶውስ 7 ላይ ያለው ግን ፓወርሼል 2 ነው፤ «ጌት-ሲምኢንስታንስ» (የማሽኑን መረጃ የሚጠይቀው አዲሱ ትእዛዝ) የለውም።

ዜሮ አንድ፦ «ጌት-ደብሊውኤምአይኦብጀክት» (ያንኑ ሥራ የሚሠራው አሮጌው ትእዛዝ) አለው። ዊንዶውስ 10ና 11 ይዘውት የሚመጡት ፓወርሼል 5.1ም ያውቀዋል። 7ኛውን ፓወርሼል ብቻ አትጥራ፣ ትእዛዙ ከእሱ ወጥቷል።

ቆጣሪው፦ ፍጥነቱንም በተመለከተ፣ ቀርፋፋ የሚሆነው ለእያንዳንዱ መረጃ ለየብቻ ስትጠራው ነው። በ«ኖፕሮፋይል» (የተጠቃሚውን ቅንብር ሳይጭን በሚያስነሣው አማራጭ) አንዴ አስነሣው፣ ሁሉንም በአንድ መስመር በነጠላ ሰረዝ ለይቶ ያውጣ፣ ባቹ ይከፋፍለው። ትእዛዙን በድርብ ጥቅስ ውስጥ አድርገው፤ አለበለዚያ የፓይፕ ምልክቱን (|) ሲኤምዲ (ባቹን የሚያስኬደው ፕሮግራም) ለራሱ ይወስደዋል።

ጥቁር መስኮት፦ ተገጣጥመው የተሸጡትስ? ሲሪያል ቁጥር ስትጠይቅ «ቱ ቢ ፊልድ ባይ ኦኢኤም» (በአምራቹ የሚሞላ) ይላሉ።

ዜሮ አንድ፦ እሱን የትኛውም አያድንህም፤ ባዮሱ (የማዘርቦርዱ መነሻ ፕሮግራም) ላይ የተጻፈው ያ ነው። ዩዩአይዲውም (የማሽኑ መለያ ቁጥር) በአንዳንድ ማዘርቦርዶች ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ይደጋገማል። ለእነዚያ የኔትወርክ ካርዱን ማክ አድራሻ (የካርዱን መለያ ቁጥር) ጨምርበት፤ በዩኤስቢ የሚሰካውን ካርድ ግን አትውሰድ፣ ነገ ሌላ ማሽን ላይ ይገኛል።