የኤክስሬይ ምንጬ ክብ ውስጥ 3 ኮከቦች አሉ፤ የቱን ልውሰድ?

የከዚራ ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ሆኜ የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌን እየሠራሁ ነው። የያዝኩት የኤክስሬይ ምንጭ ኒውትሮን ኮከብ ወይም ብላክ ሆል ከግዙፍ ኦ ወይም ቢ (በጣም ትኩስ) ኮከብ ጋር የተጣመረበት መሆን አለመሆኑን መለየት አለብኝ። የስዊፍት ሳተላይት የሰጠኝ ቦታ ስህተቱ 3 አርክሰከንድ ነው (አርክሰከንድ የዲግሪ 1/3600 ነው)፤ ምንጩ በዚህ ስፋት ክብ ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል። በተራ ብርሃን ፎቶ ላይ ምንም አይታይም፤ አቧራው ውጦታል። በቱማስ የኢንፍራሬድ ካታሎግ ግን ክቡ ውስጥ 3 ኮከቦች አሉ (ጄ፣ ኤች፣ ኬ በሦስት የኢንፍራሬድ ሞገዶች የተለካ ድምቀት ናቸው፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ኮከቡ ይደምቃል)፦

1ኛ፦ ጄ 13.9፣ ኤች 12.2፣ ኬ 11.2
2ኛ፦ ጄ 12.8፣ ኤች 11.1፣ ኬ 10.4
3ኛ፦ ኬ ብቻ፣ 13.6

ደማቁን 2ኛውን ልወስድ ስል አማካሪዬ «በምን ማስረጃ?» አሉኝ። ዝም አልኩ።

ጀጎል
አቦ ስለደመቀ ብቻ አትውሰደው! ይህን አስላ፦ (ጄ − ኤች) − 1.7 × (ኤች − ኬ)። አቧራ ሁለቱን ልዩነቶች የሚያቀላበት ምጣኔ ስለሚታወቅ እዚህ ቀመር ውስጥ የአቧራው ድርሻ ይጠፋል፤ የሚቀርህ የኮከቡ የራሱ ባሕርይ ነው። ኦና ቢ ኮከቦች 0 አካባቢ፣ ቀዝቃዛ ቀይ ግዙፎች ከ0.4 እስከ 0.5 አካባቢ ይወድቃሉ። ያንተ 1ኛው 0፣ 2ኛው 0.51 ነው። ጄ − ኤች የሁለቱም 1.7 መሆኑን አየህ? በእሱ ብቻ ብትሄድ አይለዩልህም ነበር። 1ኛውን ያዝና ጨርስ፣ አብሽር።

የድሮ መምህር
ጀጎል ቀመሩ ልክ ነው፣ «ጨርስ» ማለትህ ግን ቸኩለሃል። ልጄ፣ መጀመሪያ ከቁጥሮቹ አጠገብ ያሉትን የጥራት ፊደሎች ንገረኝ።

የከዚራ ልጅ
ጋሼ፣ 2ኛው ሦስቱም ኤ (ጥሩ ልኬት) ነው። 1ኛው ግን ጄ ላይ ዩ ይላል።

የድሮ መምህር
የፈራሁት እሱን ነው። ዩ ማለት 13.9 የተለካ ሳይሆን «ኮከቡ ከዚህ አይደምቅም» የሚል ወሰን ነው። እውነተኛው 14.4 ቢሆን ስሌቱ 0.5 ይመጣና ቀይ ግዙፍ ሆነ ማለት ነው። ጄን ከቪቪቪ ቅኝት ውሰድ፤ ቺሊ ያለው ቪስታ ቴሌስኮፕ ያነሳው የኢንፍራሬድ ቅኝት ነው፣ የተጠጋጉ ኮከቦችን ከቱማስ በተሻለ ይለያል። በጣም ደማቆቹ ግን እዚያ ብርሃናቸው ከካሜራው አቅም በላይ ስለሚሆን የ2ኛውን ከቱማስ አትቀይር።

ሌላው፣ ቀይ ግዙፍ ስለሆነ ብቻ 2ኛውን አትጣል። ጂኤክስ 1+4 በተባለው የኤክስሬይ ምንጭ ላይ ኒውትሮን ኮከቡ የሚመገበው ከቀይ ግዙፍ ነው። ጉዳዩን የሚቆርጠው ቦታው ነው፤ ቻንድራ የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ስህተቱ ከ1 አርክሰከንድ በታች የሆነ ቦታ ይሰጥሃል። ከዚያ ስፔክትረም (ብርሃኑ በሞገድ ርዝመት ተበትኖ)፦ 2.166 ማይክሮሜትር ላይ የሃይድሮጂን፣ 2.058 ላይ የሂሊየም ብሩህ መስመር ካገኘህ ግዙፍ ትኩስ ኮከብ ነው። ከ2.29 ጀምሮ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጥቁር ባንዶች ካሉ ቀዝቃዛ ነው። ኢንተግራል ሳተላይት በ2003 (እ.ኤ.አ.) ያገኘው የኤክስሬይ ምንጭ አይጂአር ጄ16318−4848 በአቧራና በጋዝ የተሸፈነ ነው፤ ማንነቱ የተለየው በኢንፍራሬድ መስመሮቹ ነበር።

ጀጎል
ወላሂ ዩዋን አላሰብኳትም።

የከዚራ ልጅ
የቪቪቪው ጄ 14.0 ሆነ፤ ስሌቱ ወደ 0.1 መጣ። ስለዚህ 1ኛው እጩ ነው፣ ገና አልተረጋገጠም ብዬ እጽፋለሁ። ቻንድራ ማኅደር ውስጥ ያንን ሰማይ ያየ አንድ ምልከታ አገኘሁ። ኔትወርኩ ሌሊት ሲቀለው አወርደዋለሁ፣ መብራት ካልሄደ።