ከሃሪኬን ወቅት በፊት የቤታችንን ጣሪያ እንዴት እናዘጋጅ?

ጥያቄ (ከታምፓ አካባቢ)

ጤና ይስጥልኝ፣ ወገኖቼ። እኔና ባለቤቴ ባለፈው ክረምት ታምፓ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1994 የተሠራ፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ሽንግል (እየተደራረበ የሚመታ ስስ የጣሪያ ክዳን) የሆነ ቤት ገዝተናል። ሽንግሉ ከተቀየረ 11 ዓመት እንደሆነው ከሰነዱ አይተናል። የሃሪኬን ወቅት ጁን 1 ጀምሮ እስከ ኖቬምበር 30 ይዘልቃል፤ እኛ ደግሞ በራሳችን ቤት ስናሳልፈው የመጀመሪያችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ኦክቶበር ላይ ሚልተን የተባለው ሃሪኬን የሴንት ፒተርስበርግን ስታዲየም ጣሪያ ቀዳዶ ሲጥለው ያየን ሰዎች ስለሆንን ሥጋታችን ቀላል አይደለም።

አባቴ አዲስ አበባ ሳለን ክረምት ሊገባ ሲል ቆርቆሮው ላይ ወጥቶ የላሉትን ሚስማሮች ይመታል፣ አሸንዳውን ይጠርጋል፤ ዝግጅቱ በዚያ ያበቃ ነበር። እዚህ ግን ባለፈው ሳምንት በራችንን ያንኳኳ አንድ የጣሪያ ሠራተኛ ጣሪያው በሙሉ መቀየር እንዳለበት ነግሮን ውል እንድንፈርም ጠየቀን። አቅማችን ውስን በመሆኑ ገንዘባችንን በቅድሚያ ምን ላይ ብናውለው እንደሚሻል የምታውቁ ብትመክሩን ምስጋናችን ከልብ ነው።

መልስ (ከኦርላንዶ፣ በጣሪያ ሥራ 16 ዓመት)

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ምንም ወረቀት ላይ አይፈርሙ። አውሎ ነፋስ ያነሣቸውን ብዙ ጣሪያዎች በቅርብ አይቻለሁ፤ ቤት ያለ ጣሪያ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ሽንግሉ ስላረጀ ሳይሆን ጣሪያው ከግድግዳው ጋር የተያያዘበት ማሰሪያ ደካማ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ጣሪያዎን ከላይ ከማስመርመርዎ በፊት ከውስጥ ይዩት።

ነፋስ በጣሪያ ላይ በፍጥነት ሲያልፍ ጣሪያውን ወደ ላይ ይስበዋል፤ ስበቱ የሚበረታውም በክፍክፉ፣ በማዕዘኖቹና በአናቱ ላይ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 24 ቀን 1992 ሃሪኬን አንድሩ ደቡብ ፍሎሪዳን ሲመታ የብዙ ቤቶች የጣሪያ ጣውላ (ከሽንግሉ ሥር የሚነጠፈው) በሚስማር ፋንታ በስቴፕል ብቻ ተይዞ ስለነበር ተገነጣጥሎ ሄደ። ከዚያ ጥፋት በተገኘው ትምህርት የተዘጋጀው የፍሎሪዳ የግንባታ ደንብ ሥራ ላይ የዋለው ግን በ2002 ነው። የእርስዎ ቤት በእነዚህ በሁለቱ መካከል የተሠራ ስለሆነ ምን እንዳለበት በዓይን ካልታየ በግምት መናገር አይቻልም።

ማለዳ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ከኮርኒሱ በላይ ወዳለው ቦታ ይውጡ። የኮርኒሱ ሰሌዳ ሰው ስለማይሸከም እግርዎን እንጨቶቹ ላይ ብቻ ያሳርፉ፤ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛም ያድርጉ። በባትሪ እያበሩ የጣሪያው ተሸካሚ እንጨት ግድግዳው ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ይመልከቱ። እንጨቱ የተያዘው በሰያፍ በተመቱ ሚስማሮች ብቻ ከሆነ ደካማ ነው። ከጎኑ የተመታ የብረት ማሰሪያ ካለ የተሻለ ነው፤ ማሰሪያው በእንጨቱ አናት ላይ ዞሮ በሌላው ጎን ጭምር የተመታ ከሆነ ደግሞ ጠንካራ ነው። ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ይቁጠሩ፤ ከጎን ብቻ የተመታ ማሰሪያ ቢያንስ ሦስት ሊኖረው ይገባል፤ በአናቱ የዞረውም በፊት ለፊቱ ሁለት፣ በወዲያኛው ጎን አንድ ሊኖረው ይገባል።

ቀጥለው ወደ ላይ ቀና ብለው ጣውላውን ይዩ። እንጨቱን ስቶ በጎኑ የወጣ ሚስማር በባትሪው ብርሃን ሲያብረቀርቅ ወይም ዝጎ ይታይዎታል፤ እንዲህ ያለው ሚስማር ምንም አልያዘም ማለት ነው። ብዙ ሆኖ ካገኙት ጣውላው ከእንጨቱ ጋር በሚገናኝበት መስመር ግራና ቀኙን የግንባታ ማጣበቂያ ማስደረግ ይቻላል፤ ሽንግሉ ሳይነካ ከውስጥ የሚሠራ፣ ዋጋውም የሚቻል ሥራ ነው። ሽንግሉ የሚቀየርበት ጊዜ ሲደርስ ደግሞ ጣውላው አካሉ ቀለበት ቀለበት ባለው ሚስማር፣ ቢበዛ በየ6 ኢንቹ እንደገና እንዲመታና የጣውላው መጋጠሚያዎች ውኃ በማያስገባ ተለጣፊ እንዲሸፈኑ በውሉ ላይ ያስጽፉ። ያ ከተደረገ ሽንግሉ ቢነሣ እንኳ ዝናቡ በቀላሉ ቤትዎ ውስጥ አይወርድም።

ሽንግሉን በተመለከተ፣ ጫፉ በእጅ ቀስ ተብሎ ሲሳብ የሚነሣ ካለ ከሥሩ በኳርተር (በ25 ሳንቲም ዝርዝር ገንዘብ) ስፋት ሦስት ቦታ የጣሪያ ማጣበቂያ ማድረግ በቂ ነው። ጣሪያው ቁልቁለታም ከሆነ ግን ራስዎ እንዳይወጡ አደራ እላለሁ።

መልስ (ከፎርት ማየርስ)

ወንድሜ፣ እኔ ሃሪኬን ኢያን በሴፕቴምበር 2022 ጉዳት ካደረሰብን በኋላ የተማርኩትን ልጨምር። ጣሪያው 15 ዓመት ያልሞላው ከሆነ የኢንሹራንስ ኩባንያ በዕድሜው ምክንያት ብቻ ውል አልሰጥም ወይም አላድስም ማለት እንደማይችል የፍሎሪዳ ሕግ ይደነግጋል፤ ስለዚህ በ11 ዓመቱ ጣሪያ ማንም እንዳያስፈራራችሁ። «ዲዳክቲብሉን (ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት ባለቤቱ ከኪሱ የሚከፍለውን ድርሻ) እኔ እሸፍነዋለሁ» የሚል ሠራተኛ ቢመጣም ነገሩ በሕግ የተከለከለ ነው።

ውላችሁን አውጥታችሁ የሃሪኬን ዲዳክቲብሉን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ በመቶኛ የተጻፈ ነው፤ 2 በመቶ ሲባል ትንሽ ይመስላል፣ ነገር ግን 400,000 ዶላር በተገመተ ቤት ላይ 8,000 ዶላር ከኪሳችሁ ይወጣል ማለት ነው። የጎርፍ መድን ከቤት መድን የተለየ ሲሆን፣ የፌዴራሉ የጎርፍ መድን አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ላይ የሚውለው ከተገዛ ከ30 ቀን በኋላ ስለሆነ ማዕበሉ በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ አይደርስላችሁም። የጣሪያውን የነፋስ መቋቋሚያ የሚመረምር ፈቃድ ያለው ባለሙያም አስመጡ፤ ጠንካራ ማሰሪያ መኖሩ እሱ በሚሞላው ቅጽ ላይ ከተመዘገበ ኩባንያው ቅናሽ የማድረግ ግዴታ አለበት። ክልሉ የሚያካሂደው የቤት ማጠናከሪያ ድጋፍም በጀት ሲኖረው ለብዙ ባለቤቶች በእያንዳንዱ 1 ዶላር ላይ 2 ዶላር እየጨመረ እስከ 10,000 ዶላር ይረዳል። ዛሬውኑ የጣሪያውን ፎቶ ከአራቱም ጎን አንሥታችሁ ከቤቱ ውጭ በሚገኝ ቦታ አስቀምጡ፤ እኛ ይህን ባለማድረጋችን ጣሪያው ከማዕበሉ በፊት ደህና እንደነበረ ለማስረዳት ወራት ፈጅቶብናል።

መልስ (ከሂውስተን)

የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ጋራዡ ግን ተዘንግቷል። ሰፊው የጋራዥ በር ወደ ውስጥ ከተደረመሰ ነፋሱ ቤቱን እንደ ፊኛ ይነፋውና ጣሪያውን ከሥር ይገፋዋል፤ ከላይ የሚስበው ሲታከልበት ጥሩ ማሰሪያም ላይችለው ይችላል። በሩ ላይ የነፋስ መቋቋሚያ ልኩን የሚገልጽ ጽሑፍ ከሌለ አጠናክሩት ወይም ቀይሩት። በጣሪያው ላይ የተንጠለጠሉ ቅርንጫፎችም አሁኑኑ ይቆረጡ፤ ሃሪኬን ቤሪል በጁላይ 2024 እኛ ሰፈር ሲገባ ጣሪያዬን የጎዳው ነፋሱ ሳይሆን የጎረቤቴ ዛፍ ነበር። አገር ቤት እንደምናደርገው ጣሪያ ላይ ድንጋይ ወይም ጎማ መጫን እዚህ ፈጽሞ አይገባም፤ በዚህ ነፋስ ተነሥቶ የሰው መስኮት ይሰብራል።

ከጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም። ቅዳሜ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወጥቼ አየሁት። ማሰሪያዎቹ ሁሉም በእንጨቱ አናት ላይ የዞሩ ናቸው፤ ከጋራዡ በላይ ያሉት አራቱ ግን በወዲያኛው ጎናቸው ሚስማር የላቸውም፣ ቀዳዳዎቹ ባዶ ናቸው። በቾክ ምልክት አድርጌ ፎቶ አንሥቻለሁ። በሩን ላንኳኳው ሠራተኛም እንደማንፈርም ነግረነዋል። ባዶዎቹን ቀዳዳዎች በምን ዓይነት ሚስማር ልሙላቸው?

መልስ (ከኦርላንዶ)

1 ኢንች ተኩል ርዝመት ያለው፣ ወፍራምና ዝገት እንዳይዘው የተለበጠ፣ ለብረት ማሰሪያ ተብሎ የተሠራ ሚስማር ይግዙ። የኮርኒስ ሰሌዳ የሚታሰርበትን ብሎን አይጠቀሙ፤ ሲሳብ ይሰበራል። ቦታው ጠባብ ስለሆነ አጭር መዶሻ ይያዙ፤ የመርማሪውን ቀጠሮም ሚስማሮቹ ከገቡ በኋላ ያድርጉት።