«ጽጌ» የሚለው ስም ወቅት ይጠብቃል ወይ?

እናት፦ ሚያዝያ 12 ቀን ለተወለደችው ልጄ «ጽጌ» የሚል ስም ለማውጣት ስዘጋጅ አማቴ ተቃወሙኝ። እሳቸው እንደሚሉት ጽጌ በወርኀ ጽጌ ለተወለደች ልጅ እንጂ በፋሲካ ሰሞን ለመጣች አይወጣም። ቃሉ አበባ ማለት ከሆነ ከ«አበባ» እና ከ«አደይ» የሚለይበት ምክንያት ምንድን ነው?

የቅኔ ተማሪ፦ እኅቴ፣ እኔ በእማማ በኩል ነኝ። ወርኀ ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 ቀናት ሲሆኑ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷ ይታሰብባቸዋል፤ በየሳምንቱም አባ ጽጌ ድንግል የደረሱት ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል። በግእዙ ኢሳይያስ ምዕራፍ 11 ከእሴይ ሥር የምትወጣው በትር እመቤታችን፣ ከእርሷ የሚወጣው ጽጌም ክርስቶስ እንደሆነ ሊቃውንቱ ያመሠጥራሉ። ስለዚህ ስሙ ሜዳ ላይ ከታየ አበባ ብቻ የተወሰደ አይደለም፤ «አደይ» ግን የመስከረምን ቢጫ አበባ ከመጥራት አያልፍም።

የቋንቋ መምህር፦ ምሥጢሩን አልክድም፤ ነገር ግን ወቅቱ በአበባው ተሰየመ እንጂ አበባው በወቅቱ አልተሰየመም። «ጸገየ» በግእዝ አበበ ማለት ነው፤ ጽጌም ከዚያው የወጣ ስም ስለሆነ፣ ጾታ ከሚለዩት ከ«አበበ» እና ከ«አበበች» በተለየ ለወንድም ለሴትም ያገለግላል፤ የማኅሌቱ ደራሲም ወንድ ናቸው። የልደት ወቅት ሕግ ነው የሚለው ደግሞ በራሱ በክርስትናው ሥርዓት ይፈርሳል፤ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስለምትጠመቅ፣ በሐምሌ 20 ዝናብ የተወለደች ልጅ ክርስትና የምትነሣው በጥቅምት መጀመሪያ፣ በጽጌው መካከል ነው። አክስቴ የክርስትና ስማቸው ጽጌ ማርያም ነበር፤ ሰፈሩ አሳጥሮ «ጽጌ» ሲላቸው የትኛው ወር እንደወለዳቸው የጠየቀ ሰው አላየሁም።

የቅኔ ተማሪ፦ መምህር፣ ስሌትዎ ለሐምሌ 20 ልጅ ይሠራ ይሆናል፤ የሚያዝያ 12 ልጅ ግን 80 ቀኗ የሚሞላው ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ነው።

የአበባ ገበሬ፦ «ጽጌረዳ» ብትሏት ክርክሩ ባለቀ ነበር፤ መኃልየ መኃልይ ላይ «የሳሮን ጽጌረዳ» ስላለ ወቅት አይጠይቅም። አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ የአገራችን የዱር ጽጌረዳ ቀጋ ነው፣ ነጭ አበባውን አይተን ቀይ ፍሬውን በልተን አድገናል፤ ሆኖም ልጁን «ቀጋ» ያለ ወላጅ እስካሁን አልገጠመኝም። እሾሁ ሳይሆን አይቀርም።

የቋንቋ መምህር፦ ስሙ የትኛውም ይሁን፣ በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ በጸሎቱ ጸ ይጻፍ። የእኅቴን ልጅ ስም ጸሐፊው በፀሐዩ ፀ «ፅጌ» ብሎ መዝግቦት፣ በትምህርት ማስረጃዋ ላይ ካለው ጋር አልገጥም ብሎ ለማስተካከል ብዙ ተመላልሳለች።

እናት፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ለአማቴ የመምህርን አክስት ታሪክ ነገርኳቸው፤ ጥቂት ዝም ብለው ቆይተው «እንግዲያውስ የክርስትና ስሟን ካህኑ ያውጡ፣ አንቺ ጽጌ በያት፤ እኔ ግን አበባዬ እላታለሁ» አሉኝ።