«ደህና ነኝ፣ ይመስገን» ብቻ ነው የሚሉኝ፤ የሴቶችን የጤና ችግር እንዴት ልጠይቅ?

ደጋው (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ባለ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። ከመጣሁ ስምንት ወሬ ነው። ለመጪው ዓመት እቅድ፣ በአካባቢያችን ያሉ ሴቶች ዋና የጤና ችግራቸው ምን እንደሆነ አጥንተህ አምጣ ተባልኩ። አራት ገጽ መጠይቅ አዘጋጀሁና፣ ሰው ቤቱ ይገኛል ብዬ በሚካኤል ዕለት ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ቤት ለቤት ወጣን። ቡናው ተፈላ፣ ቆሎው ቀረበ፣ መልሱ ግን የትም ቤት አንድ ነው፦ «ደህና ነኝ፣ ይመስገን።»

አንዷ እናት ደህና ነኝ እያሉኝ ጀሪካኑን ከጀርባቸው ሲያወርዱ፣ በአንድ እጃቸው ከሆዳቸው ዝቅ ብለው ይዘው ነበር። «ምን ሆነው ነው?» ብላቸው ሳቁብኝ። ባላቸው ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። በወረቀቴ ከሄድን ቀበሌው ውስጥ አንድም የታመመች ሴት የለችም። ምን ይሻለኛል?

አዋላጅ ነኝ (ደብረ ሲና)፦
ወንድሜ፣ መጠይቁን ለጊዜው አስቀምጠው። እሳቸው እጃቸውን ከታች ያስደገፉት የማህፀን መውጣት ሊሆን ይችላል። አይቼ ካልመረመርኩ አልምልም፣ ግን ብዙ የወለደች፣ ከወለደች በሳምንቷ ውሃ የቀዳች ሴት ይሄን ነገር ይዛው ለዓመታት ትኖራለች። ለማንም አትናገርም።

«ያምሻል ወይ?» አትበል። ህመም ማለት ለእነሱ አልጋ ላይ የሚጥል ነገር ነው፣ ቆማ እየሄደች እንዴት ታመምኩ ትበልህ? ሥራዋን ጠይቃት። ውሃ ስትቀጂ ምን ይከብድሻል? ኩበት ስትሸከሚ ከታች የሚወርድ ነገር አለ? ስታስይ ወይ ስትስቂ ሽንት ያመልጥሻል? እኔ ከሁሉም በላይ የሠራችልኝ ጥያቄ አለች፦ «ቤተክርስቲያን ከገባሽ ስንት ጊዜሽ ነው?» ደም አልቆም ያላት፣ ፈሳሽ ወይ ሽንት የሚያስቸግራት ሴት ከቅጥሩ ውጭ ነው የምትሳለመው። እሷን ስትመልስ ሌላው ራሱ ይከተላል።

ደግሞ አትቀየመኝ፣ አንተ ልጅ እግር ወንድ ነህ። ጥያቄውን ለአዋላጃችሁ ስጣት።

መዝገብ ቤት፦
እግርህን ከማድከምህ በፊት መዝገብህን አገላብጠሃል? የቅድመ ወሊድ መዝገቡን አውጣና በጎጥ በጎጥ ለይ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትመጣ ስንት ሳምንቷ ነበር? ተመልሳ መጥታለች? የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እንደ ፈረንጆቹ ቢያንስ 8 ጊዜ ትታይ ብሏል፣ እኛ ጋ አንዴ መጥታ የምትቀረዋ ብዙ ናት። አንድ ጎጥ ሙሉ ከጠፋብህ መንገዱን ወይ ወንዙን ጠርጥር።

መዝገቡ ግን ጉድለት አለው። እኛ ሴት የምናውቀው በወሊድ ዕድሜ፣ ከ15 እስከ 49 ነው። የማህፀን በር ካንሰር ምርመራው እንኳ ከ30 እስከ 49 ላሉት ነው። የ58 ዓመቷ እናት የት ትጻፍ? ያንተ ባለ ጀሪካኗም እዚያው የጠፉ ይመስለኛል።

ኤክስቴንሽን ነኝ፦
ቤት ለቤት ዋጋ የለውም እንዳትሉ ብቻ! እኛ ሁለት ሆነን ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው የምንዞረው በዚሁ ነው። የተሳሳትከው ቀኑን ነው። በሚካኤል እርሻ የለም፣ ባል ቤት ይውላል። በሥራ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ወንዱ ሲወጣ ሂዱ። የሴቶች ልማት ቡድን ስብሰባ ላይም እንዳትጠይቅ፣ ጎረቤቷ ፊት ማን ማህፀኔ ወጣ ይላል? እኔ «አንቺስ?» አልልም። «በሰፈሩ እንዲህ የሚቸገር ሰው ታውቂያለሽ?» ነው የምለው። ስለ ሌላዋ ትጀምርና ሁለተኛው ስኒ ላይ ስለ ራሷ ትናገራለች። ስም ግን ወረቀት ላይ አትጻፍ፣ ወሬው ካንተ ቀድሞ ገበያ ይደርሳል።

የሮቢቷ፦
እኔ ባለሙያ አይደለሁም፣ ሸዋ ሮቢት ነው ያደግኩት። ላንተ ሳይሆን ለሙያችሁ ልናገር። እናቴን አንድ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ልጁ ጮክ ብሎ «ምንዎን ነው ያመመዎት?» አላት። ከኋላችን ሃያ ሰው ተሰልፏል፣ ግማሹ ጎረቤት ነው። እናቴ ዞር ብላ አየቻቸውና «ጉሮሮዬን» አለች። የጉሮሮ መድኃኒት ተሰጥቷት ተመለስን፤ የሚያማት ሌላ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ መስኮታችሁን አጥና።

ደጋው፦
የሮቢቷ፣ አንገቴን አስደፋሽኝ። እኛም ጋ እንደዚያው ነው የምንጠይቀው። ከሰኞ ጀምሮ መስኮቱ ላይ ስምና ካርድ ቁጥር ብቻ እንዲጠየቅ ተስማምተናል።

ማክሰኞ ረፋድ አዋላጃችን ባለ ጀሪካኗ እናት ቤት ገባች፣ እኔ ውጭ አጥሩ ጋ ቆየሁ። አንድ ሰዓት ፈጀች። ማህፀን መውጣት ነው፣ ዘጠኝ ዓመታቸው። ለባላቸው እንኳ ወገቤን ነው የሚሏቸው። በዚያው ቀን ሌሎች ሦስት ሴቶች ተናገሩ። አሁን ምን ላድርግላቸው?

አዋላጅ ነኝ (ደብረ ሲና)፦
ደረጃው ይታይ። ጅምር ከሆነ የዳሌ ሥር ጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ ይረዳል፣ ከፍ ላለው ማህፀኑን ደግፎ የሚይዝ ፔሳሪ የሚባል ቀለበት አለ፣ የባሰው ወደ ኦፕራሲዮን ነው። ሪፈር (ወደ ሆስፒታል መላኪያ) ጻፍላቸው፣ የጤና መድህን ካርዳቸው መታደሱንም ቀድመህ እይ፣ ያለዚያ ከኪሳቸው ነው። ከሦስቱ መካከል ወር አበባዋ ከቆመ በኋላ ደም ያየች ካለች ግን እቅድ ምናምን አትጠብቅ፣ ዛሬውኑ ላካት።

ደጋው፦
እንደዚያ ያለች የለችም። ካርዳቸውም ታድሷል፣ ሪፈሩን ጽፌያለሁ። ባለ ጀሪካኗ እናት ግን «ደብረ ብርሃን ከሄድኩ በጎቹን ማን ያስገባል?» ብለው ወረቀቱን አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት።

ኤክስቴንሽን ነኝ፦
እሱንም ችግር ብለህ ጻፈው። በጎቹን የምታስገባ ጎረቤት እኔ አፈላልጋለሁ፣ የትኛው ጎጥ እንደሆኑ በውስጥ መስመር ላክልኝ።